የአሥራ ሰባት ቁጥር ቅጣትና የሊዮና ቋሊማ

ሊዮና ፕሪስቱፓ የገዛ ልጇን በአንድ ሳጥን ቋሊማ ለጎረቤት ከተማ ለብራምሊ ሰዎች ሸጠች ይባላል።

በከተማችን በቬርባ ይህን ያልሰማ ቢኖር ባለፈው ዓመት የሞተው የፖስታ ቤቱ ውሻ ብቻ ነው። ነዳጅ ማደያው ዘንድ ሲወራ ቋሊማው አንድ ጥምዝ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሲደርስ ሳጥን ሆነ። ፀጉር ቤት ጎራ ስል ደግሞ ግማሽ አሳማ ከነሰናፍጩ ሆኖ ጠበቀኝ። ሌላ ሳምንት ቢጨመርለት አሳማው ነፍስ ዘርቶ በእግሩ ይመጣ ነበር። ምን ይደረግ፣ በካናዳ፣ በሳስካችዋን ሜዳ ላይ ብርዱ ስድስት ወር ነው፤ ሰው ከእሳት ቀጥሎ የሚሞቀው ሐሜት ነው። እኔም ሞቄበታለሁ፤ አልክድም።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቋሊማ መኖሩስ ነበረ፤ ሦስት ጥምዝ። ነገር ግን ከብራምሊ ወደ ቬርባ አልመጣም፤ ከቬርባ ወደ ብራምሊ ነው የሄደው። ሊዮና በራሷ ገንዘብ ከእኛው ሥጋ ቤት ገዝታ፣ በራሷ መኪና ጭና ወሰደችው። ብራምሊ ሆስፒታል በር ላይ ያየቻት ሴት ሳጥኑ እየገባ ይሁን እየወጣ ሳትጠይቅ ለአገር ነዛችው። ልጁም አልተሸጠም። ልጁ ቅጣት መዝገብ ላይ ተጻፈ። የጻፈችው እናቱ ናት፤ አገሩን ያበገነውም ይኸው ነው። ያለ እሱ የተጫወትነውን የፍጻሜ ጨዋታ አምስት ለአንድ ተሸነፍን። ሽንፈት ደግሞ የሚቀመጥበት ጀርባ አያጣም።

ሊዮና ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በሥራ ቀን እህል ጎተራው በር ላይ ተቀምጣ ገበሬው የሚያመጣውን ስንዴ ከነመኪናው ትመዝናለች። ጨዋታ ባለ ቀን ደግሞ የበረዶ ሆኪ አዳራሻችን ገብታ የቅጣት ሳጥኑን በር ትጠብቃለች። ያጠፋ ተጫዋች በሁለት ወይም በአምስት ደቂቃ ተቀጥቶ ይመጣል፤ እሷ ቁጥሩን፣ ጥፋቱንና ሰዓቱን ትጽፋለች፣ ታስቀምጠዋለች፣ ጊዜው ሲያልቅ በሩን ከፍታ እንደ ወይፈን ትለቀዋለች። እሱ እስኪወጣ ቡድኑ አንድ ሰው ጎድሎ ይጫወታል። ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ሠርታለች።

ሥራው ያስጠላል። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ድንች እየጠበስኩ አሥራ ሁለት ዓመት አይቻታለሁና ልመስክር። ወንዶቹ የሱፍ ፍሬ ይቆረጥማሉ፤ ቅርፊቱን ይተፉታል። ከምራቅ ጋር ይተፉታል፤ አንዳንዴም ከደም ጋር። አንዱ የጥርስ መከላከያውን ያወጣና የሷ ወንበር ላይ ያሳርፈዋል። ጓንታቸው ሲወልቅ የሚወጣው ሽታ፣ እርጥብ ፍየል ይዞ መስኮት በተዘጋ መኪና ቀኑን ሙሉ የተጓዘ ሰው ብቻ ያውቀዋል። ጨዋታ ሲያልቅ ሁሉም ቢራ ሊጠጣ ይሮጣል፤ እሷ ጎንበስ ብላ ያንን ዝቃጭ ትጠርጋለች። ስለዚህ ፊቷ የኮመጠጠ ወተት እንደቀመሰ ሰው ነው። በርግጥም ቀምሳለች።

የሚያንገሸግሻት ግን ምራቁ አይደለም፤ ወሬው ነው።

«ሊዮና፣ አልነካሁትም እኮ!» ይላል የሚገባው ሁሉ።

«እሺ፣ ተቀመጥ። አትትፋ።»

«ራሱ ነው ዱላዬ ላይ የወደቀው!»

«ጥርሱም በገዛ ፈቃዱ ነው የወለቀው። ተቀመጥ አልኩህ።»

ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ በሳጥኑ መስታወት በኩል፣ «በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ጥፋተኛ በዚህ በር አልገባም» ትለኛለች። «ሁሉም ጻድቅ። ጻድቃን እንዲህ የሚሸቱ ከሆነ እኔ ገነትን ይቅርብኝ።»

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለውን ተረት ቬርባ ይዞ የመጣ ሰው፣ በዚያው በቆልማማው ዱላ ተባርሮ ይወጣ ነበር። እዚህ ጌታውም ቄሱም የጥርስ ሐኪሙም ይቆጣሉ። የጥርስ ሐኪሙ እንኳ ማስመሰሉ ነው።

ልጇ ኦረስት ይባላል። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጎመን ዘር ያርሳል፤ ቤቱ ከእናቱ ቤት አጥር ለአጥር ነው፤ ምሳውን ከእሷ ማእድ ይበላል። የቡድናችን አምበል ነው፤ ቁጥሩ አሥራ ሰባት። አባቱ ይህንኑ ቁጥር ለብሶ አሥራ አራት ዓመት ተጫውቶ አንድም ፍጻሜ ሳያይ ነው የሞተው። ቬርባ ፍጻሜ ከደረሰች ሠላሳ አንድ ዓመት አልፏት ነበር። የኦረስትን ጉልበት ያየው ሐኪም «ይህ ዓመት የመጨረሻህ ነው» ብሎታል። እንግዲህ ልጁ በዕድሜው የሚመኘው አንዲት ጨዋታ ነበረች፤ እናቱም ያንኑ ትመኝለት ነበር። ከሷ የበለጠ ማን ሊመኝለት!

አሁን ወደ ካሜራው እንሂድ። የዞናችን ማኅበር ዘንድሮ ግቡ ላይ ካሜራ ይሰቀል አለ። ከታዘዙት ሁለት ካሜራዎች አንዱ ተሰብሮ ስለመጣ አንዱ ብቻ ሰሜኑ ግብ ላይ ተሰቀለ። ቡድኖቹ በየምዕራፉ ቦታ ስለሚቀያየሩ ለሁለቱም እኩል ነው ተባለ። የክለባችን ሊቀመንበር ዌንደል ኮፕ ነው፤ መድን ይሸጣል፣ የማያፈርሰው ውል የለም። እሱ ራሱ ሕጉን በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አነበበልን።

ቪዲዮው የሚፈርደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፓክ የሚሏት ጥቁር የጎማ ክብ መስመሩን አልፋ ገብታለች ወይስ አልገባችም። ቅጣት ላይ ቪዲዮ አይፈርድም፤ እሱ የዳኛው ዓይን ነው። ፓኳ ገብታ ሳለ ዳኛው ሳያይ ጨዋታው ቢቀጥል፣ ሲቆም ቪዲዮው ይታያል። ገብታ ከተገኘች ሰዓቱ ወደ ገባችበት ቅጽበት ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ የተደረገው ሁሉ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

«ከቅጣት በቀር» አለ ዌንደል ጣቱን አንሥቶ። «በዚያ መሀል ያጠፋ ሰው ቅጣቱ ይጸናል።»

«ጊዜው ይሰረዛል፣ ኃጢአቱ ይጸናል ማለት ነው?» አለ ቄሱ።

«በትክክል!»

«ታዲያ እኔ ሃያ ዓመት ምን ስላችሁ ነበር?»

ሳቅን። ሁላችንም ጥሩ ሕግ ነው አልን። ሁላችንም ያን ጊዜ የምናስበው የብራምሊን ሰዎች ነበር።

ያቺ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣች። ከብራምሊ ጋር ነው፤ ያሸነፈ ፍጻሜ ይገባል። ሦስት ለሦስት ነን። አራት ደቂቃ ከስድስት ሰከንድ ሲቀር ከእኛ ልጆች አንዱ ሰሜኑ ግብ ላይ መታ፤ ፓኳ ውስጠኛው ብረት ላይ ነጥራ ተመልሳ ወጣች። ማንም አላየም። ዳኛው አልነፋም። የብራምሊው ኬልቪን ቴቭስ ፓኳን ከግቡ ኋላ አንሥቶ ወደ እኛ ግብ ነዳት። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ ልጅ ሲያወርድ እንደሚጠነቀቀው ሁሉ እየተጠነቀቀ ነው የሚጫወተው። ደቡቡ ጥግ ሲደርስ ዘወር ብሎ ግድግዳው ዳር ወደቆመው ዳኛ አየ። ጀርባው ለሜዳው ነበር። ኦረስት ከሩቅ ተወርውሮ መጥቶ ከኋላው ገጨው።

ድምፁ እኔ ዘንድ ድረስ ተሰማ፤ በዘይት ጩኸት ላይ። ቴቭስ በአንገቱና በትከሻው ግድግዳው ላይ ተላትሞ ወደቀ፤ አልተነሣም።

ዳኛው ነፋ። ወደ ሊዮና መጥቶ በጣቱ ቁጥሩን አሳያት፤ «ከኋላ ገፍቶ ግድግዳ ላይ። አምስት ደቂቃ፤ ይውጣ» አለ። የዚህ ጥፋት ሕግ ግልጽ ነው፤ ቡድኑ አምስት ደቂቃ ጎድሎ ይጫወታል፣ ያጠፋው ሰው ይባረራል፣ የሚቀጥለውንም ጨዋታ አይጫወትም። የሚቀጥለው ጨዋታ ፍጻሜው ነበር።

ኦረስት ወደ ልብስ መቀየሪያው ሲያልፍ እናቱ የምትጠብቀው በር ላይ ቆም አለ።

«እማ፣ አልነካሁትም።»

ሊዮና ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ጻፈች። አሥራ ሰባት። ከኋላ። ሦስት ደቂቃ ከአርባ አራት ሰከንድ ሲቀር።

ቴቭስ ገና በረዶው ላይ ተኝቶ ቃሬዛ ይጠብቃል። በዚህ መሀል ከላይ፣ ከቪዲዮው ክፍል፣ ስልክ ተደወለ። ዳኛው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆየ፤ ከዚያ ወደ መሀል ሜዳ ጣቱን ዘረጋ። ገብታለች! አራት ለሦስት! ሰዓቱ ሃያ ሁለት ሰከንድ ወደ ኋላ ተመለሰ።

አዳራሹ ተናጋ። ከዚያ አንዱ ብልጥ አሰበ፤ ሰዓቱ ከተመለሰማ ምቱስ? ከወዲያ ጥግ «አልሆነም!» አለ። ሁለተኛው ተቀበለው። ብዙም ሳይቆይ ስድስት መቶ ሰው እግሩን እየደበደበ «አልሆነም! አልሆነም!» ይላል፤ አያት፣ እናት፣ የሰንበት ትምህርት አስተማሪ። ፊት ለፊታቸው አንድ ሰው ተኝቶ እጁን ማንቀሳቀስ ይችል እንደሆነ ሐኪም እየጠየቀው። እኔ አልጮህኩም ብል ትታዘቡኛላችሁ፤ ድንች አፌ ውስጥ ነበር። 

ዌንደል በመስታወቱ አናት ላይ ተንጠላጠለ። «ሊዮና! ሰርዢው እንጂ! ሰዓቱ ተመልሷል!»

«ሰዓቱን አስተካክላለሁ» አለች። ሦስት ከአርባ አራት የሚለውን አጥፍታ አራት ከስድስት ብላ ጻፈች፤ ሕጉ እንደሚለው። አሥራ ሰባትን አልነካችም።

ቃሬዛው ወጣ። የእኛ ልጆች የቀረውን ጊዜ በሙሉ አንድ ሰው ጎድለው እንደ ነብር ተከላከሉ። ሰዓቱ ቆጥሮ ቆጥሮ እንደገና ሦስት ከአርባ አራት ላይ ሲደርስ አንዱ ከላይ፣ «በሉ አሁን ምቱን አሳዩን! የት አለ?» ብሎ ጮኸ፤ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ያን ሳቅ የሰማች ጊዜ ሊዮና የምትጠርግበትን ባልዲ ወደሷ ስትስብ አየኋት። ሰዉ ላይ ልትደፋው መስሎኝ ነበር። መልሳ ገፋችው።

አሸነፍን። ከምቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ብሬት ሃርደር የሚባለው ቁጥር አሥራ አንድ በእጁ ፓክ ሲመልስ አንጓው ተሰብሮ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ለማክሰኞ ያስፈልገናል።

ሰኞ ሊዮና ቋሊማውን ይዛ ብራምሊ ሄደች። ቴቭስ የትከሻው አጥንት ተሰብሯል፤ አንገቱ በደጋፊ ታስሯል፤ ጭንቅላቱን ሳያዞር ዓይኑን ብቻ ወደሷ አዞረ። የነገረችኝን ነው የምነግራችሁ።

«የበሩ እመቤት!» አላት። «ደግሞ እዚህ ልትዘጊብኝ መጣሽ?»

«ቋሊማ ነው። ዝም ብለህ ብላ።»

«ሰናፍጭ አለው?»

«ሰናፍጭ ከራስህ ከተማ አስመጣ።» ተቀመጠች። «ለምን ጀርባህን ሰጠኸው? ያን ያህል ዓመት ተጫውተህ?»

ቴቭስ ዓይኑን ወደ ጣራው መለሰ። «ፓኳ ገብታለች እኮ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ መረቡን ስትነካ አይቻታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«በገዛ ቡድኔ ላይ ግብ ልቁጠር? ቤቴን ያቃጥሉታል! ዝም ብዬ ነዳሁ። ግን ዳኛው አሁን ይነፋል፣ አሁን ይነፋል እያልኩ ነበር። በመጨረሻ ዘወር ብዬ አየሁት፤ ጨዋታው ያለቀ መስሎኝ። ከዚያ በኋላ ጣራውን ነው ያየሁት።» ቀጥሎ፣ «ልጅሽን ንገሪው» አላት፣ «ግቧ የነሱ ናት። እኔ እንደሆንኩ ካሜራ ሳይኖር በልቤ ቆጥሬላቸዋለሁ።»

ማክሰኞ ለምሳ ሰዓት ኮሚቴው አዳራሹ ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ተሰበሰበ። ዌንደል አለ፤ ብሬት እጁን በፋሻ ጠቅልሎ አለ፤ ኦረስት አለ፤ ሌሎች አምስት ስድስት ሰዎች አሉ። እኔ ድንች አቀርባለሁ። ሊዮና ካፖርቷን ሳታወልቅ ገባች።

«ሊዮናዬ፣ ተቀመጪ! ድንች ብዪ» አለ ዌንደል።

«ድንቹን ማን እንደጠበሰው አውቃለሁ» አለች። እኔም እሑድ ከጮሁት አንዱ ነኝና ትሪዬን አየሁ።

ዌንደል አንድ ወረቀት አወጣና በሁለት እጁ አስተካክሎ ከእስክሪብቶው ጋር ፊቷ አኖረ። በማኅበሩ ደንብ፣ መዝገብ የሚጽፍ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ «ቁጥር ተሳስቻለሁ» ብሎ ከፈረመ ይታረምለታል። ቪዲዮ ካለ ቪዲዮው ይመረመራል፤ ከሌለ የጸሐፊው ቃል ይጸናል። ምቱ የተመታው ደቡብ ጥግ ነው። ካሜራው ያለው ሰሜን።

«ምን ይላል?»

«አሥራ ሰባት ብለሽ የጻፍሽው አሥራ አንድ ልትዪ ፈልገሽ ነው ይላል። መነጽርሽ ጉም ይዞት ነበር።»

«መነጽር የለኝም።»

«ይኸው! ችግሩ ያ ነው!»

ሳቁ። ብሬት ጠጋ አለ። «እኔ ላይ ይሁን እትዬ ሊዮና። እጄ ተሰብሯል፤ ፍጻሜውን እንደሆነ አልጫወትም። ምን ይቀርብኛል?»

«አንተ ያን ጊዜ የተቀያሪዎች ወንበር ላይ ሱፍ ትተፋ ነበር።»

«ቪዲዮ አለሽ?» አለ ብሬት። አሁንም ሳቁ፤ ጠረጴዛ መታ መታ ያደረገም ነበር።

ሊዮና ወደ ዌንደል ዞረች። «ሕጉን ያነበብከው አንተ ነህ። ቅጣቱ ይጸናል ብለሃል።»

«ቅጣቱማ ይጸናል! ማን እንቢ አለ? ጥያቄው ማን ላይ ይጸናል ነው። አየሽ፣ ያ ሃያ ሁለት ሰከንድ በሕግ የለም። ተሰርዟል። በሌለ ጊዜ ውስጥ ማን ማንን እንደገጨ እንዴት ይታወቃል? አንድ ቁጥር ናት፣ ሊዮናዬ። ሰባትን አንድ ማድረግ! ሕፃን ያደርገዋል። ደግሞ ለማን ብለን ነው? ለልጅሽ እኮ ነው።»

ኦረስት መዳፉን እያየ ነበር። በእርሻ የደነደነ የአባቱ መዳፍ ነው።

«አንተ» አለችው። «መታኸው?»

«እማ፣ ጨዋታ ነው።»

«መታኸው ወይ ነው ያልኩህ።»

«አንዲት ጨዋታ ናት የቀረችኝ፣ እማ። አባባ እንኳ ያላያት።» ዓይኑን ሳያነሣ ቀጠለ። «ሰዓቱ ደግሞ ተመልሷል እኮ። እውነቱን ነው ዌንደል። በደንቡ ካየነው… አልሆነም።»

ሊዮና እስክሪብቶውን አንሥታ ነበር። እምላለሁ፣ አንሥታ ነበር፤ ጫፉ ወረቀቱን ሊነካ ጣት አልቀረውም። ለልጇ ብላ ውሸት ልትጽፍ እጇ ሄዶ ነበር፤ «አልሆነም» ሲላት እጇ ቆመ። ጨዋታ ካለቀ በኋላ የሳጥኑን ወለል የምታይበትን አስተያየት አየችው። እሱም አወቀው፤ ጆሮው ቀላ።

እስክሪብቶውን ከደነችና ዌንደል ደረት ኪስ ውስጥ መለሰችለት። ወረቀቱን ሳትፈርም ወደ ድንቹ ትሪ ገፋችው፤ ዘይት መምጠጥ ጀመረ። ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ ከካፖርቷ አውጥታ ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠች።

«ቴቭስን ትናንት ከአልጋው ያነሡት ሁለት ነርሶች ናቸው፤ ሽንቱን ሊሸና» አለች። «ካልሆነማ የምሥራች ነው፤ ሰውየው ይስማ። መኪናዬ ሞቃለች፣ ብራምሊ አርባ ደቂቃ ነው። ከእናንተ ማነው ሄዶ አልተመታህም የሚለው?»

ዌንደል ዘይት የጠጣውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።